ቅጽልን በቅጽል መተካት ግዴታ አይደለም

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ፤ ልብ ወለድም፣ ሌላ ጽሑፍም። ገላጭ ቃላት ሲደራረቡ ይጨንቀኛል። መዝገበ ቃላት እያየሁ ለእያንዳንዱ ቅጽል አንድ ቅጽል ስተካ «ስህተት የለበትም፣ ግን አማርኛ አይመስልም» ተብሎ ይመለስልኛል። ለምሳሌ «ደካማዋ ወጣት ሴት ትንሹን፣ አሮጌውን፣ የዛገውንና ሲጢጥ የሚለውን የብረት በር በዝግታ ከፈተች» ብዬ ነበር። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ስመልስስ ምን ልጠንቀቅ?

ምላሽ፦ በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ የቃል ስህተት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የቀረው ችግር የአሰላለፍ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ደካማ» አቅም ያነሰው፣ ጉልበት የሌለው ማለት ነው፤ ቋሚ ጠባይን ይናገራል። እንግሊዝኛው «ታየርድ» ካለ ግን የሚናገረው ለጊዜው ስለደረሰባት ነገር ነው። ለዚህ አማርኛ ቅጽል አያስፈልገውም፤ «ደክሟታል»፣ «ድካም ተጫጭኗታል» ይላል። ረሃብን፣ ጥማትን፣ ብርድን፣ መሰልቸትን አማርኛ የሚቆጥራቸው ሰው ላይ እንደሚደርሱ ነገሮች ነው፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሰለቸኝ። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በቅጽል ስለሚል ተርጓሚው ተከትሎት ይሄድና «የተራበ ነኝ» የሚል ነፍስ የሌለው አማርኛ ይዞ ይመጣል። በዚያው ልክ «አሰልቺ ተማሪ» እና «የሰለቸው ተማሪ» የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሌላውን ያሰለቻል፣ ሁለተኛው ራሱ ተሰላችቷል። እንግሊዝኛው የሚለያቸው በቃሉ መጨረሻ ብቻ ስለሆነ በፍጥነት ሲነበብ ይምታታል።

አሁን ወደ በሩ። በአንድ ስም ፊት አምስት መግለጫ ተሰልፏል። አማርኛ ስሙን የሚያመጣው ከሁሉም በኋላ ነውና አንባቢው «ትንሹን፣ አሮጌውን፣ የዛገውን፣ ሲጢጥ የሚለውን» እያለ ምኑ እንደሆነ ሳያውቅ ተሸክሞ ይጓዛል። እንግሊዝኛም ቅጽሉን ከስሙ ፊት ያደርጋል፤ ነገር ግን ረጅሙን መግለጫ ከስሙ በኋላ የሚያስከትልበት መውጫ አለው። አማርኛ ያ መውጫ የለውም። ቅጽሉም፣ ዘርፉም፣ በ«የ» የሚጀምረው ሐረግም ሁሉም ከፊት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ከስሙ ፊት ትተው የቀሩትን ወደ ግስ ያዛውሩ።

ከስሙ ፊት የትኞቹ ይቆዩ? እያንዳንዱን ቅጽል ምን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቁት። አንዳንዱ ይለያል፦ ከብዙ በሮች የትኛው እንደሆነ ይነግረናል። አንዳንዱ ያሳያል፦ የተለየውን በር መልክ በዓይናችን ያመጣል። አንዳንዱ ይፈርዳል፦ የተራኪውን አስተያየት ይዟል። ሌላው ደግሞ ቅጽል መስሎ የገባ ድርጊት ነው። የሚለየው ከስሙ ፊት ይቆማል፤ ድርጊቱ ወደ ግስ ይመለሳል፤ የሚያሳየው ለብቻው ዓረፍተ ነገር ወይም ጣልቃ ሐረግ ሊሆን ይችላል። በእርስዎ ምሳሌ «የብረት» እና «ትንሹ» ይለያሉ፣ እርጅናውና ዝገቱ ያሳያሉ፣ ሲጢጥታው ግን በሩ ሲከፈት የሚሆን ድርጊት ነው። እንዲህ ይወጣል፦

«ወጣቷ ድካም ተጫጭኗታል። ትንሹን የብረት በር ቀስ ብላ ገፋችው፤ ዕድሜ የጠገበ፣ ዝገት የበላው ነውና ሲጢጥ እያለ ተከፈተ።»

ምንም አልተጣለም፣ ምንም አልተጨመረም። «ወጣት ሴት» ውስጥ ያለችው «ሴት» ብቻ ወጥታለች፤ «ወጣቷ» ጾታውን ይናገራልና። «-ውን» የሚለውም አራት ቦታ መደገሙ ቀርቷል። በአማርኛ አመልካቹ፣ ማለትም ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚናገረው «-ው» ወይም «-ኡ»፣ እና የተሳቢው «ን» የሚለጠፉት በመጀመሪያው ቅጽል ላይ ነው፤ «ትልቁን ጥቁር ሳጥን» ይበቃል። «ትልቁን ጥቁሩን ሳጥን» ማለት ስህተት አይደለም፣ ግን ማጉላት ነው፤ ምንጩ ካላጎላ አያጉሉ። አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፦ ስሙ ባለቤትነት ሲይዝ ቅጽሉ አመልካቹን ይፈልጋል። «አዲሱ መጽሐፌ» እንጂ «አዲስ መጽሐፌ» አንልም። እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ ላይ «ዘ» ስለማይጽፍ ተርጓሚውም ይረሳዋል።

ድርጊት የሚመስሉ ቅጽሎች ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እንግሊዝኛ በ«ኢንግ» የሚጨርሰውን ሁሉ ወደ «የሚ» መቀየር ልማድ ሆኗል። «የሚተኛ ልጅ» ግን አሁን የተኛውን ሳይሆን ሊተኛ ያለውን ወይም የመተኛት ልማድ ያለውን ልጅ ነው የሚያመለክተው። በእንቅልፍ ላይ ያለው «የተኛ ልጅ» ነው። ወንበር ላይ ያለው ሰው «የተቀመጠ»፣ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል «የተሰቀለ»፣ ካባ ላይዋ ላይ ያለባት ሴት «ካባ የለበሰች» ነች። መለያው ቀላል ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ የሚቀጥል ሁኔታ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ተቀመጠ ካልን በኋላ ሰውየው እንደተቀመጠ ነው፤ እንግዲያው «የተቀመጠ»። ሮጠ ካልን በኋላ ግን ሩጫው አልቋል፤ እንግዲያው «የሚሮጥ» ወይም አሁን መሆኑ ከጠነከረ «እየሮጠ ያለ»። ተኛ፣ ቆመ፣ ለበሰ፣ ያዘ፣ ተሸከመ፣ ተደገፈ፣ ተንበረከከ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። አለቀሰ፣ ዘፈነ፣ ጮኸ፣ ፈሰሰ ከሁለተኛው።

ከስሙ ፊት ተቀምጠው ልባቸው ከግሱ ጋር የሆኑ ቅጽሎችም አሉ። እንግሊዝኛ «ከባድ አጫሽ» ሲል ሰውየው ኪሎው ከፍ ያለ ነው ማለቱ አይደለም፤ ሲጋራ አብዝቶ ያጨሳል ማለቱ ነው። «ጠንካራ ሠራተኛ» ያለው ጠንክሮ የሚሠራውን፣ «ቀደምት ተነሺ» ያለው ማልዶ የሚነሳውን ነው። እንዲህ ያለውን ሁሉ በ«አብዝቶ»፣ «ጠንክሮ»፣ «ማልዶ»፣ «አልፎ አልፎ» ይፍቱት።

አማርኛ ከብዙ ቋንቋ የሚበልጥበት፣ ተርጓሚ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቀምበት የሚያልፈው ሀብት ከ«አለ» ጋር የሚነገረው ድርብ ግስ ነው። ከአብዛኛው ቅጽል የሚለዝብ መልክ ይወጣል፦ ቀይ ቀላ ያለ፣ ጥቁር ጠቆር ያለ፣ ነጭ ነጣ ያለ፣ ረጅም ረዘም ያለ፣ አጭር አጠር ያለ፣ ወፍራም ወፈር ያለ፣ ቀጭን ቀጠን ያለ፣ ከባድ ከበድ ያለ፣ ጠባብ ጠበብ ያለ ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ኢሽ» ተቀጥሎ፣ ወይም «ፌርሊ»፣ «ራዘር» ቀድሞ የሚመጣው ሁሉ ቤቱ እዚህ ነው። «በተወሰነ ደረጃ ቀይ» ብሎ መጻፍ ቋንቋው ያለውን ትቶ መለመን ነው።

ይህ መልክ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መጠኑን ይቀንሳል፦ «ቀላ ያለ አፈር»። ሁለተኛ፣ ሳይነገር ያወዳድራል፦ «ረዘም ያለ ገመድ አምጣ» ማለት ከዚህኛው የሚረዝም አምጣ ማለት ነው፤ ስለዚህ እንግሊዝኛው ከማን እንደሚወዳደር ሳይናገር «ሎንገር» ካለ «የበለጠ ረጅም» ከማለት «ረዘም ያለ» ይሻላል። ሦስተኛ፣ ያለዝባል፦ ሰውን «ወፍራም» ማለት ሻካራ ነው፣ «ወፈር ያለች» ማለት ጨዋነት ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ካልለዩ፣ በአክብሮት የተነገረው ነገር ልኬት ሆኖ ይገኛል።

ተቃራኒውም አለ። ከአንድ ሥር የላላና የጠበቀ መልክ ይወጣል፦ «ጠበቅ ያለ» መጠነኛ ጥብቀት ነው፣ «ጥብቅ ያለ» ግን የማይነቃነቅ። «ደረቅ ያለ» እርጥበቱ ያነሰ፣ «ድርቅ ያለ» ጠብታ የሌለው። ልዩነቱ አናባቢ ላይ ብቻ ነውና አራሚ እንደ ፊደል ስህተት ቆጥሮ እንዳያስተካክለው ይጠንቀቁ። የራሳቸው ሥር ያላቸውም ብዙ ናቸው፦ ገርበብ ያለ በር፣ ጭር ያለ መንገድ፣ ኩልል ያለ ውሃ፣ ቁልጭ ያለ ሥዕል፣ ጥርት ያለ ሰማይ። በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚመለስ አለ፤ ገርበብ ያለው በር «አጃር» ነው። ሌላው ግን በግስ መፈታት አለበት። ጃፓንኛ እንዲህ ያሉ ቃላት ሞልተውታልና ከጃፓንኛ በቀጥታ የሚተረጉም ሰው በእንግሊዝኛ ከሚያልፍ ሰው ይልቅ ዕድለኛ ነው።

«ቱ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሰው ሁሉ «በጣም» ይላል። አይደለም። «ቱ» ከልክ ማለፍን ይናገራል፣ «በጣም» ግን ብዛትን ብቻ። አማርኛ ከልክ ማለፍን የሚናገርበት ምርጥ መንገድ ግስ ላይ ተቀጽላ መጨመር ነው፦ ጫማው ጠበበኝ፣ ሱሪው ረዘመው፣ ሸክሙ ይከብዳታል። «ጫማው ለእኔ በጣም ጠባብ ነው» ብሎ መዞር አያስፈልግም። ቀጥሎ «ለመሸከም» ዓይነት ነገር ከተከተለ ወደ ምክንያትና ውጤት ይፍቱት፦ «ሳጥኑ ለመሸከም በጣም ከባድ ነው» ሳይሆን «ሳጥኑ ከመክበዱ የተነሳ አልነሳ አለ»። «እውነት ለመሆን በጣም ጥሩ» የሚለውም «ከማማሩ የተነሳ እውነት አይመስልም» ይሆናል። በነገራችን ላይ «ኳይት» የሚለው ቃል በብሪታኒያ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ደህና ነው፣ ግን ያን ያህልም አይደለም» ማለት ሲሆን በአሜሪካ ጽሑፍ ወደ «በጣም» ያደላል። ጸሐፊው ከየት እንደሆነ ሳያዩ አይተርጉሙት።

የ«የ» አቀማመጥ ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ይገለብጣል። ሕጉ ይህ ነው፦ «የ» የሚቆመው በዘርፉ ሐረግ መጀመሪያ ላይ ነው። «የአዲሱ መምህር መጽሐፍ» ስንል አዲሱ መምህሩ ነው፤ «አዲሱ የመምህሩ መጽሐፍ» ስንል አዲሱ መጽሐፉ ነው። እንግሊዝኛ ሁለት ስምና አንድ ቅጽል ሲደረድር ቅጽሉ ለየትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ አማርኛ ግን መናገር ግድ ይለዋል። «ጥንታዊ የታሪክ ጸሐፊዎች» ራሳቸው በጥንት የኖሩ ናቸው፣ «የጥንታዊ ታሪክ ጸሐፊዎች» ግን ዛሬም ሊኖሩ ይችላሉ። ተርጓሚው ሳይወስን ካለፈ አማርኛው ይወስንለታል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በስህተት። ሁለት «የ» ሲገጣጠሙ አንዱ ስለሚዋጥ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ «የተሰበረው መስኮት ክፈፍ» መስኮቱ ተሰብሯል ይላል፤ የተሰበረው ክፈፉ ከሆነ «የተሰበረው የመስኮት ክፈፍ» ማለት ያስፈልጋል።

በዚሁ መንፈስ «የ» እና «-ኣዊ» ወይም «-ማ» አይቀያየሩም። የወርቅ ቀለበት ከወርቅ የተሠራ ነው፣ ወርቃማ ዘመን ግን ወርቅ የለበትም። የድንጋይ ግድግዳ በድንጋይ የተሠራ፣ ድንጋያማ መሬት ድንጋይ የበዛበት። የታሪክ መጽሐፍ ስለ ታሪክ ያወራል፤ ታሪካዊ መጽሐፍ ራሱ በታሪክ ውስጥ ቦታ ያለው ነው። «ሊጋል አድቫይዘር» የሕግ አማካሪ ነው፤ «ሕጋዊ አማካሪ» ካሉት ሕገ ወጥ የሆነም አለ ማለትዎ ነው። እንግሊዝኛ በ«ኣል» ወይም በ«ኢክ» የጨረሰውን ሁሉ ወደ «-ኣዊ» መላክ ዛሬ የተለመደ በሽታ ነው፤ ግማሹን ጊዜ የሚሻለው ተራው «የ» ነው።

ሰውነትን ለሚገልጹ ድርብ ቅጽሎች ከግዕዝ የወረስነው አጭር መንገድ አለ፦ ራሰ በራ፣ መልከ መልካም፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና፣ አንገተ ረጅም፣ አፈ ቅቤ። «ረጅም አንገት ያላት» እና «አንገተ ረጅም» ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለተኛው አጥሮ ከሌላ ቅጽል ጋር ለመደርደር ይመቻል። ባለ፣ አልባ፣ የለሽ፣ ቢስም እንደዚያው፦ ባለ ሦስት እግር፣ ቤት አልባ፣ ወሰን የለሽ፣ አቅመ ቢስ። «ቢስ» ውስጥ ወቀሳ ወይም ሐዘኔታ ስላለ ለማሽን ክፍል አይሆንም።

ነጠላ ሰረዝ ደግሞ በእንግሊዝኛ ገላጭ ሐረግ ዙሪያ ሲኖርና ሳይኖር ትርጉም ይለውጣል። «ወንድሜ፣ በሰሜን የሚኖረው፣ ሐኪም ነው» ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ተናጋሪው አንድ ወንድም ብቻ እንዳለው ይናገራል፤ ሰረዙ ከሌለ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው። አማርኛ ለሁለቱም «በሰሜን የሚኖረው ወንድሜ» ይልና ልዩነቱን ይውጠዋል። ወንድሙ አንድ ከሆነ «ወንድሜ ሐኪም ነው፤ የሚኖረውም በሰሜን ነው» ብለው ይክፈሉት። ብዙ ከሆኑ «ከወንድሞቼ በሰሜን የሚኖረው ሐኪም ነው» ይበሉ። ውል ውስጥ ይህ ገንዘብ ነው፦ «የተበላሹት ዕቃዎች ይመለሳሉ» የተበላሹትን ብቻ ያስመልሳል፤ ምንጩ ሁሉም ተበላሽተዋል ካለ «ዕቃዎቹ ተበላሽተዋል፤ ሁሉም ይመለሳሉ» መባል አለበት።

የሰው ጠባይን የሚናገሩ ቃላት ፍርድ ተሸክመው ነው የሚመጡት። ብልህና ብልጥ አእምሯቸው ቅርብ ነው፣ ፍርዳቸው ግን ሩቅ፤ «ስማርት» ለሚለው ቃል የትኛው እንደሆነ ጸሐፊው ለሰውየው ያለው ስሜት ይወስናል። «ናይቭ» በእንግሊዝኛ ትንሽ ነቀፋ አለው፤ «የዋህ» ግን በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ነው። ነቀፋው እንዲጠፋ ካልፈለጉ «ያልነቃ»፣ «ሁሉን የሚያምን» ያሉትን ይሞክሩ። «ሲምፕል ማን» ቀላል ሰው አይደለም፤ «ቀላል ሰው» ካሉ ክብደት የሌለው ማለትዎ ነውና «ትሑት» ወይም «ተራ» ይሻላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ «ጨዋ» ያስቸግርዎታል፦ ዛሬ ሥነ ምግባር ያለው ማለት ነው፣ በድሮ ጽሑፍ ከጥሩ ዘር የተወለደ ሊሆን ይችላል፣ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ደግሞ ያልተማረ ምእመን። የጽሑፉን ዘመንና ቦታ ሳያዩ አይንኩት።

ስለ ቀለም ባጭሩ። በርሊንና ኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 ባሳተሙት ጥናት ለዓለም ቋንቋዎች እስከ 11 የሚደርሱ መሠረታዊ የቀለም ክፍሎችን አቅርበው ነበር፤ ያም ሆኖ ሩስኛ ለደማቁና ለፈዛዛው ሰማያዊ ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት፣ ቬትናምኛ ደግሞ አረንጓዴና ሰማያዊን በአንድ ቃል ይጠራል። ለስስ የቀለም ልዩነት መሠረታዊውን ስም ይዘው ደማቅ፣ ፈዛዛ፣ ጠቆር ያለ፣ ነጣ ያለ ይጨምሩበት። ጉዳዩ ኅትመት ወይም ቀለም ቅብ ከሆነ ስሙን ትተው የቀለሙን መለያ ቁጥር ያቆዩ። የሰው መልክ ላይ ግን «ቀይ» ቀለሙ ፈካ ያለ ሰው ማለት እንጂ እንግሊዝኛው «ሬድ» የሚለው አይደለም።

ከአማርኛ ሲወጡ የመዳረሻው ቋንቋ የማይተውዎት ጥያቄዎች አሉ። ዐረብኛ ቅጽሉ ከስሙ ጋር በጾታ፣ በቁጥርና በመታወቅ እንዲስማማ ይጠይቃል፤ ሰው ላልሆነ ብዙ ቁጥር ደግሞ ነጠላ አንስታይ ቅጽል ይፈልጋል። ፈረንሳይኛ ቦታውን ይቆጥራል፦ «ግራን» ከሰው ፊት ሲቆም ታላቅ፣ ከኋላ ሲቆም ረጅም፤ «አንሲየን» ከፊት የቀድሞ፣ ከኋላ የጥንት። አማርኛው «ጎበዝ ሐኪም» ብሎ ካለፈ ጾታውን ከግሱ ፈልገው ይያዙ። «ትላልቅ»፣ «ረጃጅም»፣ «ጥቋቁር» ውስጥ ያለው ድግግሞሽ ብዛት ነው፤ ቅጽሉን በቁጥር በማያረባው እንግሊዝኛ ስሙ ብቻውን ይሸከመዋልና «በጣም ትልቅ» አድርገው አያጋንኑት።

ለሥራ የሚሆን ቅደም ተከተል ከፈለጉ፦ በምንጩ ገጽ ላይ የሚለየውን በአንድ መስመር፣ የሚያሳየውን በነጠብጣብ፣ የሚፈርደውን በክብ ምልክት ያድርጉ። ረቂቁን ምንጩን ዘግተው ይጻፉ፤ ዓይንዎ የእንግሊዝኛውን ተራ እያየ እጅዎ ሌላ ተራ አይጽፍም። ከዚያ ምንጩን ከፍተው ምልክት ያደረጉበት ሁሉ የሆነ ቦታ መድረሱን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። በመጨረሻ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከስሙ በፊት ትንፋሽ ካጠረዎት ሐረጉ ረዝሟል።

እስካሁን ያልኩት ነፃነት በሕክምና፣ በውልና በመመሪያ ጽሑፍ አይሠራም። እዚያ አንድ የምንጭ ቅጽል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ የአማርኛ ቃል ነው የሚመለሰው፣ ድግግሞሹ ጆሮ ቢያሰለችም። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ የሚል ደረጃ ከተመረጠ «ከበድ ያለ» የሚባል አራተኛ ደረጃ በመሃል መፈጠር የለበትም። «አኪውት» በድንገት የጀመረና ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ማለት ነው፤ «ከባድ» ብለው ከተረጎሙት አኪውት ሆኖ ቀላል የሆነውን ሕመም የት ያስቀምጡታል? «አጣዳፊ» የተለመደው ለዚህ ነው፤ ተቃራኒው «ክሮኒክ» ደግሞ «ሥር የሰደደ» ነው። በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ «አሌጅድ» ከሌባ ፊት ከመጣ «ተጠርጣሪው ሌባ» ተብሎ አይጻፍም፤ ሌብነቱ ገና አልተረጋገጠም። «በስርቆት የተጠረጠረው ግለሰብ» ይባላል።